«ዘበኞቹ» በሽንፋ፤ ስለ አንድ የሥዕል መጽሐፍ፥ ስለ አንባቢዎቹና ስለ ጀግና ፊት

የዚህ መጽሔት አንባቢ ስለ ሠርግ ልማድ፥ ስለ ሽምግልናና ስለ ቦታ ስም የሚጻፈውን የለመደ ስለ ሆነ፥ ስለ ኮሚክ የተጻፈ ሂስ ሲያገኝ ቢገረም አልፈርድበትም። ኮሚክ የሚባለው በሣጥን በሣጥን ተከፍሎ የተሣለ፥ ንግግሩም በፊኛ ውስጥ የተጻፈ ታሪክ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በብዙ ሰዎች ዘንድም የልጆች መጫወቻ ተብሎ ይናቃል። እኔም ኮሚክን ለማስከበር አልተነሣሁም። የተነሣሁት ባለፈው ክረምት በትውልድ ቦታዬ በሽንፋ አንድ የታወቀ የልዕለ ጀግና መጽሐፍ አምስት ሆነን ስናነብ በመካከላችን የተነሣውን ክርክር ለመጻፍና፥ ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ የደረስሁበትን ፍርድ ለመናገር ነው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «ዎችሜን» ይባላል። ደራሲው አለን ሙር፥ ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ፥ ቀለሙን የሠራው ጆን ሂጊንስ ሲሆኑ ሦስቱም እንግሊዞች ናቸው። አሳታሚው የአሜሪካው ዲሲ ኮሚክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1987 በ12 ክፍል ከወጣ በኋላ በአንድ ጥራዝ ታተመ። በ1988 የሁጎ ሽልማት አገኘ፤ በ2005 ታይም የተባለው መጽሔት ከመረጣቸው 100 የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች መካከል ተቈጠረ፤ በ2009 ፊልም፥ በ2019 ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ ወጣለት። ስሙን እኔ «ዘበኞቹ» ብዬ ተረጐምሁት። «ጠባቂዎቹ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጠባቂ የሚለው ቃል ከመልአክና ከንጉሥ ጋር ሲነገር የኖረ የክብር ቃል ነው። ዘበኛ ግን ደመወዝ ተቈርጦለት በር ላይ የሚያድር ሰው ነው። ይህ ትርጉም ያመጣውን ነገር ወደ በኋላ እናገራለሁ።

ሽንፋ በመተማ በኩል ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ በስሟ የሚጠራውም ወንዝ ወደ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል። በክረምት ዋልካው መኪናውን ይይዛል፥ ሰሊጡ ይታረማል፥ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞችና ቆላውን የለመዱት ሳሉግ የምንላቸው ሠራተኞች በየእርሻው ይበተናሉ። መንገድ ሲቈረጥ ለወሬና ለንባብ ጊዜ ይተርፋል። እኛም ማታ ማታ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ እየተሰበሰብን፥ እኔ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለስሁ፥ በ12 ማታ 12ቱን ክፍል ጨረስን። አንባቢዎቹ ባለሱቁ፥ አንድ አስተማሪ፥ አንድ የሰሊጥ ደላላ፥ አንድ የገበሬ ልጅና እኔ ነበርን። ስድስተኛ ሰው ደግሞ ሳንጠራው መጣ፤ ይኸውም ከሱቁ ጐን ያለው የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፥ ከደጋው የወረዱ ሰው ስለ ሆኑ አያ እያልን እንጠራቸዋለን። ፊደል አልቈጠሩም፤ ሥዕል ግን ያነባሉ።

ፍጻሜውን ሳልናገር ስለ መጽሐፉ ልናገር አልችልምና፥ አስቀድሞ መስማት የማይወድ አንባቢ እዚህ ላይ ቢተወኝ ቅር አይለኝም። በመጽሐፉ ዓለም ውስጥ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጭምብል እያጠለቁ ወንጀለኛ የሚያሳድዱ ሰዎች በእርግጥ ተነሥተዋል። ከነርሱ መካከል በፊዚክስ ላቦራቶሪ አደጋ ደርሶበት ከሰው በላይ ኃይል ያገኘው ዶክተር ማንሃተን አንዱ ብቻ ነው። በርሱ ኃይል አሜሪካ የቬትናምን ጦርነት አሸንፋለች፤ ዘመኑ 1985 ሲሆን ኒክሰን ገና ፕሬዚዳንት ነው። ሌሎቹ እንደኛው ሰዎች ናቸው። በ1977 በወጣ ሕግ ሥራቸው ተከልክሏል፤ ለመንግሥት የሚሠሩት ብቻ ቀርተዋል። ከነዚህ አንዱ፥ ኮሜዲያን የሚባለው፥ ከፎቅ መስኮት ተወርውሮ ይሞታል። ሕጉን አልቀበልም ያለው ሮርሻክ ገዳዩን ሲፈልግ የሚደርሰው ከሁሉ ብልህና ባለጸጋ ወደ ሆነው ወደ ኦዚማንዲያስ ነው። ኦዚማንዲያስ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት መካከል የሚመጣውን የኑክሌር ጦርነት ለማስቀረት ከሌላ ዓለም የመጣ የሚመስል የሐሰት ፍጡር ኒውዮርክ ላይ ጥሎ የከተማዪቱን እኩሌታ ሕዝብ ይገድላል። ጦርነቱም ይቀራል። የቀሩት ጓደኞቹ ዝም ለማለት ሲስማሙ ሮርሻክ ብቻ እምቢ ይላል፤ ስለ እምቢታውም ዶክተር ማንሃተን ይገድለዋል።

በሁለተኛው ማታ ይመስለኛል፥ አያ መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ገጹን በአምፖሉ ብርሃን እያገላበጡ አዩና፥

«ልጄ፥ ክፉው የትኛው ነው?» አሉኝ።

«ገና አልታወቀም፥ አያ።»

«እንዴት አይታወቅም? በጐኑ የተሣለውን አሳየኛ።»

ለጊዜው ሣቅን። ነገር ግን ጥያቄው ከኛ ንባብ ሁሉ የበለጠ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቅና መልአክ ፊታቸው በሙሉ፥ ሁለት ዐይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ሰይጣን፥ ይሁዳና ሰማዕት ገራፊው ግን በጐናቸው፥ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። የዐድዋን ጦርነት በሚያሳዩት ሥዕሎችም ይኸው ሥርዐት ተጠብቆ የኢትዮጵያ ሠራዊት ሙሉ ፊት፥ ጠላት ግማሽ ፊት ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ሥዕሉን የሚያየው ሰው ጽሑፉን ባያነብም ፍርዱን አስቀድሞ ተቀብሏል። ታሪክን በሣጥን ከፍሎ፥ ከሥዕሉ አጠገብ ቃል ጽፎ መተረክም ለኛ እንግዳ አይደለም። ተአምረ ማርያምን በሥዕል ያጌጡት የብራና መጻሕፍት ይህን ያደርጋሉ። ንግሥተ ሳባን የሚተርከውና አብዛኛውን ጊዜ 44 ሣጥን ያለው ሥዕልም፥ ዛሬ ለቱሪስት ቢሸጥም፥ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ ኮሚክ ነው ብል አልተሳሳትሁም። የዚያ ሥዕል መጀመሪያ ሕዝቡ የሚገብርለት ዘንዶ ነው። ዘንዶውን አንድ ሰው ይገድለዋል፤ ሕዝቡም ገዳዩን ያነግሠዋል። ሠዓሊው ወደሚቀጥለው ሣጥን ያልፋል፤ አዳኙ ከነገሠ በኋላ ምን አደረገ ብሎ የሚጠይቅ ሣጥን የለም። ሙርና ጊበንስ 12 ክፍል ሙሉ የጠየቁት ይህንኑ የጐደለውን ሣጥን ነው።

ወደ ፊቱ ነገር ልመለስ። በ«ዘበኞቹ» ውስጥ አያ የፈለጉት ምልክት የለም። ሮርሻክ ፊቱን የሚሸፍንበት ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ ጥቁሩና ነጩ ግን አይቀላቀሉም። የሰውዬውም ሕግ እንደ ጨርቁ ነው፤ ደግና ክፉ እንጂ መካከል አያውቅም። ዐይን ግን የለውም። «ይኼኛው ጭራሽ ዐይን የለውም» ብለው አያ ገጹን ዘጉት። ዶክተር ማንሃተን ዐይን አለው፤ ብሌን የለውም። መልኩ ያማረ፥ ፀጉሩ ወርቅ፥ ሙሉ ፊቱን ለብርሃን የሰጠ፥ በኛ ሠዓሊ እጅ ቢሆን መልአክ ሆኖ የሚሣለው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ሰው የገደለው ኦዚማንዲያስ ነው። በኔ አስተያየት የመጽሐፉ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች እንደሚሉት ጨለማ ስለ ሆነ ወይም ደም ስለ በዛበት አይደለም። የማንንም ፊት አስቀድሞ ስለማይፈርድ፥ አንባቢው ራሱ ፈራጅ ይሆናል፤ ፍርዱም በሚቀጥለው ገጽ ይገለበጥበታል።

በኛ መካከልም ተገለበጠ። የገበሬው ልጅ ሮርሻክን ወደደ። ይህ በሽንፋ ብቻ የሆነ አይደለም፤ ሮርሻክን አርአያ የሚያደርጉ አንባቢዎች ብዙ በመሆናቸው ደራሲው ራሱ መገረሙን በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ሙር ይህን ሰው የቀረጸው ለማስጠንቀቂያ ነበርና። ነገር ግን ደራሲው ያላሰበው አንባቢ ሁልጊዜ ሞኝ አይደለም። የዚህ ጓደኛችን አጐት ከዓመታት በፊት መንገድ ላይ ታግተው ነበር፤ ቤተ ሰቡ በሬና ሰሊጥ ሽጦ አስፈታቸው። በምዕራብ ጎንደር መንገዶች እገታ የሚለው ቃል ለማን እንግዳ ነው? ሮርሻክ ወሬ ለማውጣት በመጠጥ ቤት የአንዱን ሰው ጣት ሲሰብር ባነበብሁ ጊዜ፥ «እንዲህ ያለ አንድ ሰው መንገዳችን ላይ ቢኖር» አለ። ማናችንም አልመለስንለትም። እኔ በትምህርት ቤት የተማርሁት የሂስ ቃል ሁሉ በዚያች ሰዓት ከአፌ ጠፋ፤ አጐትህ ይገረፉ ነበር ወይስ አይገረፉም ነበር ብሎ ለሚያስብ ሰው ስለ ግብረ ገብ ውስብስብነት ምን ይነገረዋል?

የመለሱት አያ ናቸው። የመጽሐፉ ስም «ዘበኞቹ» መሆኑን ስነግራቸው ነው ነገሩ የመጣው።

«ማን ቀጠራቸው?»

«አብዛኞቹን ማንም አልቀጠራቸውም፥ አያ። በገዛ ፈቃዳቸው ነው።»

«እኔ አንድ ጆንያ ቢጐድል ከደመወዜ ይቈረጥብኛል። ከነዚህ ማን ይቈርጣል?» ወደ ገበሬው ልጅም ዞር ብለው፥ «አጐትህን የያዙትም እኮ ማንም አልቀጠራቸውም» አሉት።

የመጽሐፉ ርእስ የተወሰደበት የጥንት የሮማውያን ጥያቄ፥ ማለት ጠባቂውን ማን ይጠብቀው የሚለው፥ በሊቃውንት ብዙ ተተንትኗል። ከጆንያው የሚበልጥ ትንታኔ እስካሁን አላነበብሁም። ጓደኛችን ግን አልተረታም፤ «የሚቈርጥ ባለቤት በሌለበትስ?» አለ። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መጽሐፉም አይመልሰውም።

ደላላው የተከራከረው ለኦዚማንዲያስ ነው። ሙያው ነውና ሒሳብ አቀረበ፤ የአንድ ከተማ እኩሌታ ሞቶ ዓለም ከዳነ ትርፍ ነው አለ። አስተማሪው እንደ ቀልድ አድርጎ በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣውን ጥናት አነሣበት። በዚሁ በሽንፋ ወንዝ ዳር፥ ሽንፋ-መተማ 1 በተባለው ቦታ፥ የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ የኖሩ ሰዎች በሱማትራ የቶባ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አልጠፉም። በበጋ ከሚደርቀው ወንዝ ኩሬ ዓሣ እያጠመዱ፥ የቀስት ጫፍ ሳይሆን በማይቀር ትንንሽ ስል ድንጋይ እያደኑ ቈዩ። «ያለ ኦዚማንዲያስ» አለ አስተማሪው። ቀልድ ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም ደላላው ሒሳቡን ለዚያ ማታ አቆመ።

አያ ግን በሌላ ሚዛን መዘኑት። በኛ አገር የጀግና ሚዛን ሩቅ አይደለም፤ ከተማው ራሱ መተማ ዮሐንስ ይባላል። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ካቃጠሉ በኋላ፥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ሲዋጉ ቈስለው ዐረፉ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኡምዱርማን ተወሰደ። «ጃንሆይ የገዛ አንገታቸውን ሰጡ፤ ይኼ ግን የሰው አንገት ሰጠ» አሉ አያ። አስተማሪው በአክብሮት፥ «ከጃንሆይ ጋር የወደቀው ወታደር አንገቱን ተጠይቆ ነበር ወይ?» ቢላቸው ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብሁ። የመተማን ድልድይ ተሻግረን ገላባት ስንገባ ያው ጦርነት የድል ታሪክ ነው፤ በወዲያኛው ሠዓሊ እጅ ቢሆን ሙሉ ፊትና ግማሽ ፊት ይለዋወጡ ነበር። ድልድዩን ለገበያ ሲመላለስበት ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ቢያውቅም የንጉሡ ፊት በልቡ እንደ ሙሉ ይኖራል። «ዘበኞቹ» ደኅና አንባቢ ማግኘት ያለበት እንዲህ ባለ የጠረፍ አገር ነው ያልሁት ስለዚህ ነው።

ስለ አሣሣሉ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ጊበንስ ገጹን አብዛኛውን ጊዜ 9 እኩል ሣጥን አድርጎ ይከፍለዋል። ዐይን ይህን ልክ እንደ እርምጃ ይለምደዋል። በመጽሐፉ ውስጥ በአንድ የመንገድ ጥግ ጋዜጣ የሚሸጥ ሽማግሌና ከአጠገቡ ተቀምጦ የባሕር ወንበዴ ኮሚክ በነጻ የሚያነብ ልጅ አሉ። ሽማግሌው ስለ ጦርነት ይለፈልፋል፥ ልጁ አይሰማውም። ሁለቱም በርናርድ እንደሚባሉ የሚተዋወቁት ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ብርሃኑ ሲመጣ ሽማግሌው ልጁን ያቅፈዋል። የመጨረሻው ክፍል ሲከፈት 9ኙ ሣጥን ይቀርና ስድስት ገጽ በተከታታይ እያንዳንዱ አንድ ሥዕል ብቻ ይሆናል፤ ሥዕሉም ሬሳ ነው። ባለሱቁ በዚህ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ሱቁ ገባ። እርሱም በረንዳው ላይ በነጻ የሚያነቡ ልጆች አሉት።

መጽሐፉን የወደደ ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህን የሚመስል ሌላ አለ ወይ ብሎ ነው። የኮሚክ ወዳጆች የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፤ ምክራቸውም ጨለማውን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ፍራንክ ሚለር በ1986 ስለ ሸመገለው ባትማን ያወጣውን መጽሐፍ ያስቀድማሉ። ጉልበት ያለው ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሚለር ባትማንን ይወደዋል፥ አንባቢውም እንዲወደው ይገፋል። በጋርዝ ኤኒስና በዳሪክ ሮበርትሰን ከ2006 ጀምሮ የወጣው «ዘ ቦይስ» ደግሞ ጀግናውን ሁሉ ብልሹ ያደርገዋል። ይህ የድሮውን ሥርዐት መገልበጥ እንጂ መተው አይደለም፤ ሙሉ ፊት የነበረውን ሁሉ በጐኑ መሣል ነው። ማርክ ዌይድና አሌክስ ሮስ በ1996 ያወጡት «ኪንግደም ካም» ይሻላል፤ የጀግኖቹን ጠብ የሚያሳየን በአንድ ተራ ሽማግሌ ቄስ ዐይን ነውና።

እኔ ግን ለሽንፋ ጓደኞቼ ያዘዝሁት ልዕለ ጀግና የሌለባቸውን ሁለት መጻሕፍት ነው። አንደኛው የአርት ስፒገልማን «ማውስ» ነው፤ ሁለቱ ጥራዞች በ1986ና በ1991 ወጥተው በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝተዋል። ደራሲው አባቱ ከናዚዎች እጅ እንዴት እንደ ተረፈ ሲተርክ አይሁድን አይጥ፥ ጀርመኖችን ድመት አድርጎ ይሥላል። ፊትን አስቀድሞ መፍረድ ማለት ይህ ነው ትላላችሁ፤ ነገር ግን እየቈየ ጭምብሉ በክር የታሰረ መሆኑን ያሳያል፤ ከሞት የተረፈው አባትም ቈንቋና አስቸጋሪ ሽማግሌ መሆኑን አይደብቅም። ሁለተኛው ማርገሪት አቡዌ ጽፋ ክሌማን ኡብሬሪ የሣለውና ከ2005 ጀምሮ የወጣው «አያ» ነው፤ ስለ አንዲት የአቢጃን ልጃገረድና ስለ ሰፈርተኞቿ ነው። (ስሙን ስነግራቸው ዘበኛው ስለ እርሳቸው የተጻፈ መስሏቸው ነበር።) ዓለምን የሚያድን ሰው የለበትም። የጋዜጣ ሻጩን ጥግ የወደደ አንባቢ ይወደዋል።

የራሳችንስ? በሥራት ደበበ ባቋቋመው በኤታን ኮሚክስ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመው «ጀምበር» የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክ ይባላል። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ዲግሪ ይዞ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ኃይሉን ሳያገኝ በፊት ያለው ጭንቀቱ ለኛ ለተማሪዎች ከሚመጣው ኃይል ሁሉ ይልቅ እውነት ነው፤ እኔ መጽሐፉ እዚያው ላይ ትንሽ ቢቈይልኝ እወድ ነበር። የጀምበር ፊት ሙሉ ፊት ነው። ይህን እንደ ነቀፋ አልቈጥረውም። አሜሪካኖች ሱፐርማንን በ1938 ካወጡ በኋላ «ዘበኞቹ» እስኪመጣ ድረስ ወደ 50 ዓመት ቈይተዋል፤ ያልተገነባ ቤት አይፈርስም። ነገር ግን እኛ የዘንዶውን ሥዕል ለዘመናት ያየን ሕዝብ ስለ ሆንን ሌላ 50 ዓመት መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። ቀጥሎ የወጣው «ሀዊ» እመንት ለገሠ የተባለች ሴት የታገተች እናቷን ለማዳን ስትነሣ ያሳያል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ኮሚክ የአገሩን ቍስል ነክቷል። እንግዲህ የሚቀረው፥ እናቷን ካስፈታች በኋላ ኃይሉ በእጇ ሲቀር ለማን መልስ እንደምትሰጥ የሚጠይቀው ሣጥን ነው።

መስከረም ላይ ወደ ኮሌጅ ስመለስ «ዘበኞቹ»ን ለባለሱቁ ትቼለት መጣሁ። ሌሎቹን መጻሕፍት ለመላክ መንገዱ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። የገበሬው ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀኝ «ሀዊ»ን ነው፤ በጥቅምት፥ ሰሊጥ በሚታጨድበት ጊዜ፥ በመኪና ላክሁለት። አጨዳው ስላላለቀ ገና አላነበበውም።